ማን ይቆይ?

አቃቂ በሰቃ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ዘአማኑኤል፣
ድሬዳዋ

እንደምን ከረሙ ጋሼ? ጉልበትዎስ? የድሬ ሙቀት ለጆሮ ባይሆንም ለጉልበት ይስማማል ይላሉ፤ እውነት ያድርገው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤዎን ሾፌሩ ጉዲሳ ካመጣልኝ ቆየ፤ መዘግየቴን በልጅነቴ ይለፉኝ። የጉዲሳ ሲኖትራክ ጋራዥ ገብቶ ነው ልል ነበር። እውነቱ ግን የጠየቁኝን እንዴት እንደምመልስ ጠፍቶኝ ነው።

አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። እርስዎ ወደ ልጅዎ ወደ አሰለፈች ከሄዱ ወዲህ ለእድራችን ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ጠፋ። ጎረምሶች ተሞከሩ፤ አንዱ አፈረ፣ አንዱ ደግሞ ሲነፋ ለቅሶ የተጠራው ሰፈር በሣቅ ፈረሰ። የእድሩ ዳኛ አቶ አደሴ ጠርተውኝ፣ «አንቺ ያን ኮምፒውተር ስትጎረጉሪ ታመሺያለሽ አሉ። በስልክ የሚለፍፍ ነገር አትሠሪልንም?» አሉኝ። እሠራለሁ አልኩ። ያኔ መሥራት አልችልም ነበር።

«ማን ሠራው፣ አንቺ ወይስ ማሽኑ?» ላሉኝ ይኸው ሐቁ። ቀን ቀን ብረት መሸጫው ሱቅ ካሸር ነኝ። ስገባ በአሮጌ ላፕቶፕ ኮድ እማራለሁ፤ ኮድ ማለት ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ጽሑፍ ነው። አሁን ግን ኤአይ የሚሉት መጥቷል። የሚፈልጉትን በአማርኛ ሲነግሩት ኮዱን ራሱ ይጽፈዋል። «የእድር አባል ሲሞት ለሁሉም አባላት መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሥራልኝ» አልኩት። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው። የኔ ድርሻ ገልብጦ መለጠፍ ነበር። ሲሠራ ጊዜ ግን በደስታ ጮኬ እናቴ ሌባ የገባ መስሏት ዱላ ይዛ መጣች። እንግዲህ ማን ሠራው? ጨርቅ ይዞ ልብስ ሰፊ ቤት የሄደ ሰው ልብሱን ሠራሁት ይላል? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ነው የዘገየሁት።

ጋሽ አሻግሬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናቸው። ግድግዳ የተጋራችሁበት ቤት ጭር ብሎባቸው ቀን በቀን እኛ ቤት ይመጣሉ። ጻፊ አሉኝ፦ «ዘአማኑኤል ሆይ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ሌሊቱን እንቅልፍ ጠግበን እናድራለን፤ ባትመለስም ቅር አይለንም።» ይህን ካሉ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ረዥም ጊዜ ጠረጉት።

አክባሪ ልጅዎ
ሮዳስ


ድሬዳዋ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሮዳስ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለእናትሽ እጅ ንሺልኝ። ሥራዬን መቀማትሽን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ቢሆንም ለጥሩምባዬ ስል ትንሽ ላኩርፍ።

ፕሮግራምሽ እዚህም ይደርሰኛል። አባልነቴን አልተውኩም። ጆሮዬን የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ስለበላው በስልክ አልነጋገርም፤ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ግን አውቃለሁ። በየወሩ በሚካኤል ማግስት «የእድሩ ስብሰባ እሁድ ነው፤ የቀረ ይቀጣል» የሚለው ሲመጣ ደስ ይለኛል። ድሬ ተቀምጬ አቃቂ የሚጠራኝ ሰው አለ ማለት ነው። አሰለፈች «ምን ያስቅሃል?» ትለኛለች።

አሁን የኔ ተራ ነው፣ ልጠይቅሽ። ያ ኤአይ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው አላውቅም ይላል? ሲሳሳትስ ያፍራል? የሚያፍር ከሆነ ይማራል። የማያፍር ከሆነ አንቺ ብታፍሪለት ይሻላል።

ደግሞ አንድ ነገር። እኔ ጥሩምባ ስነፋ በሁሉም ደጅ አልነፋም ነበር። የሟች እህት ወይም ልጅ ያለችበት መንደር ስደርስ ጥሩምባውን ጋቢዬ ሥር ከትቼ እንደ መንገደኛ አልፋለሁ። ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ አስቀምጠዋት፣ መርዶውን ሲነግሯት ለቅሶው ይሰማል፤ ያኔ ተመልሼ እነፋለሁ። ጆሮዬ ከደከመ በኋላ ለቅሶው መጀመሩን አሻግሬ እጁን አንሥቶ ነበር የሚነግረኝ። ይህን ለማሽኑ ነግረሽዋል? ነግረሽው ይሆናል፤ ነገሩ ስለከነከነኝ ነው የጠየቅሁ።

ለአሻግሬ ንገሪው፦ ሌሊቱን የጠገበው እንቅልፍ ቀን ለሚያንቀላፋው አይቆጠርም።

ዘአማኑኤል


አቃቂ በሰቃ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ፤ እኔ ግን ሰላም የለኝም። ደብዳቤዎ በጉዲሳ ጋቢና ሲንከራተት ከርሞ የደረሰኝ ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ስለ ጋቢው የጻፉትን ሳነብ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ፊት አለቀስኩ።

በስልክ «ለፀሐይቱ መርዶው ተነግሯታል?» ብለው ልከውልኝ ነበር። መልስ የነሣሁዎት አፍሬ ነው። የእድርተኛችንን የቢራን መሞት እርስዎ ድሬ ላይ ባነበቡበት ቅጽበት እህቱ ፀሐይቱም አነበበችው። ሽማግሌዎች ሊነጋጋ ሲል ገላን ኮንዶሚኒየም ሄደው ሊነግሯት ተቀጣጥረው ነበር አሉ። እኔ ይህን አላውቅም። አቶ አደሴ «ላኪ» አሉኝ፣ ላክሁ። እሷም አባል ናት። ከሥራ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ስልኳን ከፈተች፤ «የእድራችን አባል አቶ ቢራ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ነው።» የቀረውን አይጠይቁኝ። የማያውቋት ሰዎች ናቸው ደግፈው ያወረዷት።

ያፍራል ወይ ብለውኝ ነበር። ለኤአዩ ነገርኩት እኮ። ወዲያው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አሳምሮ ነው የሚጠይቀው። ያናደደኝም እሱ ነው፤ ፀሐይቱ ደጅ ሄዶ አይቆም። ከዚያ «መርዶ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጋሼ፣ ያውቃል! ሽማግሌ እንደሚሄድ፣ በማለዳ እንደሚነገር፣ ዘመድ እንደሚሰበሰብ፣ ሁሉንም ዘረዘረልኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ብለው፣ የጠየቅሽኝ ለሁሉም አባላት የሚልክ ነው አለኝ። መልሼ አየሁት። «ለሁሉም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ማረሚያ ብሎ ደግሞ ሌላ ኮድ ሰጠኝ፤ ረዥም ነው። አልለጠፍኩትም። ማንበብ የማልችለውን ነገር ዳግመኛ ሰው ቤት አልሰድም። ከእንግዲህ መስመር በመስመር እማራለሁ፤ ለዚህም ደንቡን ይጻፉልኝ፦ ማን ማን ደጅ ነበር የማይነፉት?

እድሩ ፕሮግራሙን አስቁሞታል። ፀሐይቱ ፊቴን ማየት አትፈልግም አሉ። ጋሽ አሻግሬ ብቻ ናቸው እንደ ድሮው የሚመጡት።

ሮዳስ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

አይዞሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ያም ሆኖ አንቺ ለመልቀም ጎንበስ ብለሻል፤ አፍስሶ ቆሞ የሚያይ ስንት አለ።

ደንቡን ይጻፉልኝ ያልሽውን ሞከርኩ። ወላጅ፣ ልጅ፣ እህት ወንድም ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ የጡት ልጅ ትዝ አለኝ። አበልጅ አለ። ተኳርፈው ዓመት ያልተነጋገሩ አሉ፤ ከሁሉ የሚብሰው እነሱ ላይ ነው። ከወንድም የሚበልጥ ወዳጅም አለ። ወረቀቱ ሲሞላ ቀደድኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ደንቡን አላውቀውም ነበር። የማውቀው የሚያውቀውን ሰው ነው። ጥሩምባዬን ሳላነሣ መጀመሪያ የአሻግሬን በር አንኳኳለሁ፤ እሱ ጋደም እንዳለ «እከሊትን ቆይላት፣ እከሌን ቆይለት» ይለኛል። እሱም ሁሌ ልክ አልነበረም፤ ተሳስተን የተሰደብንበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ ያ ማሽን መመለስ ብቻ ነው የሚያውቀው ወይስ መጠየቅም ይችላል? ሰው ጠይቆ መልሱ እስኪመጣ አፉን መዝጋት ይችላል? ከቻለ ግማሹ ሥራ አልቋል። ከእኛም ብዙዎቻችን ይህን አንችልም።

ወደ ፀሐይቱ ሂጂ። ብቻሽን ግን አትሂጂ።

ከፋሲካ በኋላ የዓይኔን ሞራ ይገፍፉልኛል። ሐኪሟ ጆሮ እንደሌለኝ ስላየች በወረቀት ጻፈችልኝ፦ «አቧራ ክልክል፤ ጭስ ክልክል፤ እንባ ክልክል።» አሻግሬን ሳላየው ስለማላለቅስ ችግር የለም በይው።

ዘአማኑኤል


አቃቂ በሰቃ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ዘአማኑኤል፣

እንዴት ሰነበቱ? ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ከተንጋደደ በደስታ ነው።

መጠየቅ ይችላል! እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ኤአዩን እንዲህ አልኩት፦ «ከዛሬ ጀምሮ ኮድ አትጻፍልኝ። እኔ ልጻፍ፣ አንተ ስህተቴ የት እንዳለ ጠይቀኝ።» መምህርነቱ ከጸሐፊነቱ ይሻላል ጋሼ፤ ብሳደብ አይቆጣም፣ አንዱን ነገር ደጋግሜ ብጠይቀው አይሰለቸውም። አንድ ነጠላ ሰረዝ ረስቼ ሙሉ ቅዳሜዬን በላችው። ስትገኝ ግን አለቅሁ በሣቅ።

አሁን የሟች ስም ሲገባ ፕሮግራሙ ለማንም አይልክም። መጀመሪያ ወደ ጋሽ አሻግሬ ስልክ አንዲት ጥያቄ ትሄዳለች፦ «ማን ይቆይ?» እሳቸው ስም ጽፈው ይመልሳሉ። የቆየው ሰው መርዶው እስኪነገረው መልእክት አይሄድለትም። ይህን ስጽፍ ኤአዩ፣ «መልስ ካልመጣስ?» ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩና «ይጠብቅ» ብዬ ጻፍኩ። ለጋሽ አሻግሬ ስነግራቸው፣ «እኔ ካልመለስኩ ወይ ባትሪው አልቋል ወይ እኔ አልቄያለሁ» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞሮ ብዙ አስቸገራቸው። ብርድ ነው ይላሉ።

ፀሐይቱ ቤት ሄድን፣ እኔና እሳቸው። የገላን ደረጃ አደከማቸው፤ በየፎቁ እየቆምን ወጣን። በሩን ስትከፍት እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። «ወንድሜን አንቺ አልገደልሽውም» አለች። «ብቻ ያን ጊዜ ማንም አጠገቤ አልነበረም። እሱ ነው የማይወጣልኝ።» ከዚያ ሻይ አቀረበችልን።

አቶ አደሴ እንደገና እንሞክረው ብለዋል። ማን ሠራው ብለው ቢጠይቁኝ አሁን መልስ አለኝ፤ ግማሹን እኔ፣ ያቺን ጥያቄ እርስዎ፣ መልሱን ጋሽ አሻግሬ።

እሳቸው እንዲህ ይላሉ፦ «ዓይንህ ሲበራ መጀመሪያ መስታወት እንዳታይ፤ ትደነግጣለህ።»

ልጅዎ ሮዳስ


አቃቂ በሰቃ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ዓይንዎ እንዴት ነው? ፋሻው መቼ ይነሣል? ደብዳቤዬን አሰለፈች ጆሮዎ ሥር ሆና ጮክ ብላ ታንብብልዎ፤ እርስዎ እንዳይደክሙ።

እዚህ ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባጃጆቹ ሲንሸራተቱ ያስፈራሉ። ጉዲሳ ለመኪናው አዲስ ሸራ ገዝቶ እንደ ሙሽራ እያሳየ ነው። ገላን ያለ ሌላ እድር ፕሮግራሙን ለኛም ሥሪልን ብሎኛል፤ አቶ አደሴም በኩራት ከእኔ በላይ ያወራሉ። ላፕቶፔ ቻርጅ አልይዝ ብሏል። እናቴ ደህና ናት።

ስለ ሳሉ በስልክ ለጠየቁኝ፣ ሳሉ አሁን የለም።

ሥራ ስለበዛብኝ በዚሁ ላብቃ። ዓይንዎን ይጠብቁልኝ። እባክዎ ጋሼ፣ ይጠብቁት።

ሮዳስ


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሮዳስ፣

ፋሻው ተነሥቷል። ይህን የምጽፈው በገዛ ዓይኔ እያየሁ ነው። ሐኪሟም ድኗል ብላ ፈርማለች፤ ስለዚህ ለዓይኔ አትስጊ።

የሚካኤል ማግስት ስልኬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዋልኩ። አልተንቀጠቀጠም። በማግስቱም እንደዚያው። ባትሪ መሰለኝ፤ የልጅ ልጄን ላክልኝ ብዬው የሱ መልእክት ደረሰ። እንግዲያው ስብሰባው ለኔ አልተጠራም። አባልነቴ ቢሰረዝ አቶ አደሴ ሳይጨቃጨቀኝ አይሰርዘኝም። አንድ ነገር ቀረ፤ ከሚቆዩት ውስጥ ገብቻለሁ ማለት ነው።

አንድ ስህተት ሠርተሻል፣ አትዘኚበት። መርዶ ለተደበቀበት ሰው ወሬው ሁሉ አይቋረጥበትም፤ እንዲያውም ይበዛለታል። እኛ ስንደብቅ ስለ ዝናብም ስለ ከብትም እናወራለት ነበር። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል፤ ያንቺ ስልክ ዝምታ ግን ነቀዘ።

አቃቂ ውስጥ ለኔ የሚቆይ ሞት የቀረኝ አንድ ነው። ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። የሚሰድበኝ ሰው ስሙ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበትም።

አሰለፈችን አልጠየቅኋትም። ዓይኔን ዓይኔን እያየች ትውላለች፤ ሽማግሌ የምትጠብቅ ይመስለኛል። እኔ ግን ካንቺ ነው የምፈልገው። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ። አንቺ ነበርሽ። ንገሪኝ።

ዘአማኑኤል


አቃቂ በሰቃ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ዘአማኑኤል፣

ይህን ደብዳቤ ጉዲሳ በእጅዎ አይሰጥዎትም። ለአሰለፈች ነው የሚሰጠው። እሷ የሰፈራችሁን ሽማግሌዎች ሰብስባ፣ በማለዳ፣ አጠገብዎ ተቀምጣ ትከፍተዋለች። አሁን እያነበቡት ከሆነ ሁሉም ዙሪያዎን ናቸው።

ጋሽ አሻግሬ ሚያዝያ 21 ቀን አረፉ። ሳሉ ብርድ አልነበረም። አልተሠቃዩም፤ እናቴና እኔ አጠገባቸው ነበርን። ቀብራቸው ላይ ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ጉዲሳ መኪናውን አቁሞ ቃሬዛ ተሸከመ።

ከቀብሩ በፊት አቶ አደሴ «ላኪ» ሲሉኝ ላፕቶፔን እዚያው ለቅሶ ቤት ከፈትኩ። ሟች በሚለው ቦታ «አሻግሬ» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ እንዳስተማርኩት ቆመና ጠየቀ። የሚጠይቀው እሳቸውን ነው ጋሼ። ይህን አላሰብኩበትም፤ ማናችንም አላሰብንም። ስልካቸው ትራሳቸው ሥር ነበር። ጮኸ። ቤት ሙሉ ሰው ወደ ትራሱ ዞረ፤ ሊነካው የደፈረ የለም። ስክሪኔ ላይ «መልስ በመጠበቅ ላይ» ይላል። እኔ ነኝ ጠብቅ ያልኩት፤ ይጠብቃል። ሰው ሁሉ ለቀብር ሳይጠራ ይኸው ማሽን የሞተ ሰው መልስ ይጠብቃል። ፀሐይቱ ናት ተነሥታ ስልኩን ከትራሱ ሥር አውጥታ በእጄ ያስያዘችኝ። «መልሺለት» አለች።

መልሱ ነበረኝ። ከሳምንት በፊት ሳሉ ሲጠናባቸው እጄን ይዘው፣ «ያ ነገርሽ የኔ ቀን ሲደርስ እኔኑ ይጠይቀኛል አይደል? ያን ጊዜ ሰነፍ እሆናለሁ። አሁን ያዢልኝ» ብለውኝ ነበር። «ዘአማኑኤል ይቆይ። ዓይኑ ይዳንለት። ብቻውን ሆኖ እንዳያነበው።»

በእሳቸው ስልክ የእርስዎን ስም ብቻ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ለቀረው ሁሉ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ያለችውን አንዷን ደብዳቤ ስጽፍልዎ የሳቸው ሰላምታ የሚገባበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ኤአዩ በእሳቸው አነጋገር አንድ ዘለፋ እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት። አሳምሮ ጻፈው፤ እናቴ ብታየው ታለቅስ ነበር። አጠፋሁት። ከሞት በኋላ በሌላ አፍ እንዲሰድቡዎት አልፈለግሁም። ባዶውን የተውኩት ለዚህ ነው።

ስህተቴንም አገኘሁት። «መልእክቱ የሞት ከሆነ» የምትል አንዲት መስመር ዘልያለሁ፤ ስለዚህ ስብሰባውም አብሮ ተከለከለብዎ። ያን ክፍል የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ማንም አላገዘኝም። ኮዱ አላፈረም። እኔ ግን እርስዎ እንዳሉት አፈርኩለት፤ አርሜዋለሁ። የሰኔ ስብሰባ ይደርስዎታል፤ የቀረ ይቀጣል።

አሁን ደግሞ የቆየውን መልእክት ልለቀው ነው። አሰለፈች «ተሰብስበናል» ብላ እስክትጽፍልኝ ሱቅ አልገባም፤ ላፕቶፔን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ኪስዎ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እኔ ነኝ፤ ለሰፈሩ ሁሉ የሄደው ያው መልእክት ነው፣ አንድ ፊደል አልተለወጠም።

አሰለፈች እጅዎን ይዛዎታል? እንግዲያው ያንብቡት።

ልጅዎ ሮዳስ